ያነሳቻት ታንሳት

በአንድ ወቅት ነው፤ ሩቅ ዘመን አይምሰላችሁ። ተማሪ ሁሉ ስልክ በኪሱ መያዝ ከጀመረ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ዳገቱ ላይ፣ ከተማው ከሥሩ በሆነ አንድ የደጋ አገር ይርሳው የሚባል ተማሪ ይኖር ነበር። የእሱን ነገር የማወራችሁ እንድታዝኑለት ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቸግሮኝ ነው። ስጨርስ ተከራከሩበት። እኔን ግን መልሱን አትጠይቁኝ፤ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኋችሁ ነበር።

ይርሳውን እናቱ ወልዳው ሳትነሳ ሞተች። አባትየው ሐዘኑን ይርሳው ብለው ጎረቤቶች ስም አወጡለት፤ አባትየው ግን ሐዘኑን ሳይረሳ ብዙም ሳይቆይ ተከተላት። ልጁ አጎቱ ቤት አደገ። አልተራበም፣ አልተገረፈም። ብቻ የአጎቱ ልጆች ሲታመሙ «የኔ ልጅ ምን ሆነብኝ?» ይባላል፤ እሱ ሲታመም «ይሄ ልጅ ምን ሆነ?» ይባላል። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ላደገባት ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስመኝን አገኘ። የተዋወቁት ምሳ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፍ ያቋረጠችበት መስሎት ተቆጣት፤ ለካ ከፊቱ የነበረች ናት፣ ማንኪያ ልታመጣ ወጥታ ነው።

«ማንኪያ ለማምጣት ካንተ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ?» አለችው።

ተማሪው ሳቀበት። በማግስቱ ይርሳው ሁለት ማንኪያ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ እነዚህ ልጆች አልተለያዩም፤ እንዲህ ሆነው ከርመውም፣ ስመኝ ልትመረቅ ዓመት ሲቀራት አረገዘች።

ዩኒቨርሲቲ መቼም ለብዙ ነገር ቦታ አለው። ለኳስ ሜዳ አለው፣ ለስብሰባ አዳራሽ አለው፣ ለጠፋ መታወቂያ እንኳ ቢሮ አለው። እናት ልትሆን ነው ለተባለች ተማሪ ግን ወዴት ሂጂ እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የተማሪዎች ቢሮ ወደ ዶርም ኃላፊዋ ላካቸው፤ የዶርም ኃላፊዋ ወደ ክሊኒኩ፤ ክሊኒኩ መልሶ ወደ ተማሪዎች ቢሮ። ክፉ ሰው ገጠማቸው ማለቴ አይደለም። ሁሉም «አይዟችሁ» ይሏቸዋል፤ አይዟችሁ ብለውም በሩን ይዘጋሉ። በመጨረሻ የክሊኒኩ ነርስ የስመኝን ደረት አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። ወደ ከተማው ሆስፒታል ሰደደቻቸው።

«ልጅ ሆነሽ ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር?» አላት ሐኪሙ።

«የማያመው ልጅ አለ እንዴ?»

«የአንቺ ሲመላለስ ልብሽን ጎድቶታል። እርግዝናው እንዳይከብደው እፈራለሁ፤ ከወለድሽ በኋላ ደግሞ የበለጠ» አለ።

ይርሳው ይህን ሰምቶ የሚጠጋበት ወገን ፈለገ። የእሱን ወገን ነግሬያችኋለሁ። የስመኝ እናት በሕይወት የሉም፤ አባቷ አቶ ቸኮል ግን በአገራቸው የተከበሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። አጎቱን ለምኖ ሽማግሌ ላከባቸው። አቶ ቸኮል ሽማግሌዎቹን ከደጅ ሳያስገቡ፣ «ለትምህርት የላክኋት ልጅ ነበረችኝ፤ ሞታለች። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ» ብለው መለሷቸው። ሰው በሕይወት ላለች ልጁ እንዲህ ሲል ምላሱ እንዴት እንደሚታዘዝለት እኔ አላውቅም። ብለዋል ተባለ፤ እኔም እንዲሁ ነገርኋችሁ።

ከዚያ ወዲያ ከዩኒቨርሲቲው በታች፣ እትዬ ባንቻምላክ ከምትባል ሴት ግቢ የጓሮ ክፍል ተከራዩ። ስመኝ ሴት ልጅ ወለደች። ብርቄ አለቻት። ልጅቱ ጤነኛ ናት፤ እናትየው ግን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ መተንፈስ ጀመረች።

አሁን ሦስት ሴቶችን አመጣላችኋለሁ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ማናቸውንም አላስበልጥም።

የመጀመሪያዋ ፍሬገነት ናት። እሷና ስመኝ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ተኝተው የተማሩ ናቸው። የመውጫ ፈተናው ዕለት ሁለቱም ሊፈተኑ አብረው ወጡ። ስመኝ ከወለደች ወር አልፏታል፤ ብርቄን አቅፋለች። ይርሳው የሚመረቀው በቀጣዩ ዓመት ስለሆነ ፈተና የለበትም፤ ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ሕፃኗን ሊቀበላቸው ተነጋግረዋል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህሩ ይዞት ዘገየ። እሱ በሌለበት ስመኝ የአዳራሹን ደረጃ ወጥታ ልትጨርስ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ወደቀች፤ ሕፃኗም ከእቅፏ ወጥታ ደረጃው መታትና ድምፅ አጣች።

ተማሪው ጮኾ ስመኝ ላይ ተረባረበ። ሕፃኗን ያየ አልነበረም። ፍሬገነት ግን አየቻት። ጎንበስ ብላ ከሲሚንቶው ላይ አነሳቻትና ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። በሩ ላይ የቆመው ፈታኝ «የሚገባ ይግባ፣ ልዘጋ ነው!» እያለ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታው ሮጠች። የተማሪዎች ክሊኒክ ስትደርስ፣ «እህቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ለአዋቂ ነው፤ ለሕፃን የሚሆን መሣሪያም መድኃኒትም የለንም፤ ወደ ሆስፒታል ፍጠኚ» አሏት። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ከታች ባጃጅ አግኝታ ሆስፒታል ስትደርስ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሮ ነበር።

«ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ የምናደርግላት ነገር አልነበረም» አሏት።

ይርሳው ሁለቱንም ፍለጋ ሲያብድ ውሎ በመጨረሻ ፍሬገነትን እዚያው ኮሪደር ላይ አገኛት። «ፈተናውስ?» አለ፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት ነው።

«ፈተና ይደገማል፣ ይርሴ» አለች።

ይደገማል እንጂ የዚያን ዓመቱ አመለጣት። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ከይርሳው ደጅ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥብ ነበር። እናቷ ምረቃዋን ሊያዩ የተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ምን ብላ እንደነገረቻቸው እሷ ታውቃለች።

ሁለተኛዋ እትዬ ባንቻምላክ ናት። ስመኝ ሆስፒታል ተኛች፤ በሚሰጧት መድኃኒት ምክንያትም ማጥባት አትችይም ተባለች። ብርቄ ድና ከሆስፒታል ወጣች ስንል ጡጦ አልይዝም አለች። በማንኪያ ቢሰጧት ትተፋለች፤ የላም ወተት ሆዷን አሸበረው። ይርሳው እንዴት ማቀፍ እንዳለበት እንኳ በቅጡ ሳይለምድ ሕፃኗ በእጁ ላይ ትከስም ጀመር። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱንም ተወችው። አባት ለሆነ ሰው ከለቅሶዋ ዝምታዋ ነው የሚያስፈራው።

እትዬ ባንቻምላክ ደግሞ በዚያው ሰሞን አራስ ልጇን ቀብራ ቤቷ ሐዘን ላይ ናት። ወተቷ እንዲደርቅላት ጡቷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳታል፤ ግን ያለቀሰችው ለጡቷ አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት የጓሮው ዝምታ ገረማትና መጥታ በር ላይ ቆመች። ሕፃኗን አየቻት። ይርሳውን ምንም አልጠየቀችውም። ተቀመጠች፣ መቀነቷን ፈታች፣ «አምጣት» አለች።

ባሏ አቶ አያልነህ ከደጅ ሰምቶ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የልጁ ሐዘን አንጀቱን የበላው ሰው ነው።

«አንቺ ሴት፣ ለምደሻት ሲወስዱብሽ ሁለተኛ ልትቀብሪ ነው?» አላት።

«እቀብራለሁ። ይቺ ግን እዚህ አጠገቤ አትሞትም» አለችው።

ተቆጥቶ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ሐዘን ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶችም «የልጇ አፈር ሳይደርቅ!» ብለው አሟት። እሷ ግን ሰማሁም አላለች። ብርቄ መጀመሪያ በድካም፣ ኋላ በጉልበት ጠባች። ሳምንት ሳይቆይ ለቅሶዋ ተመለሰ፤ ይርሳው ያን ለቅሶ ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ እሱም አለቀሰ። ከሞት አልጋ ያነሳቻት እሷ መሆኗን የሚጠራጠር ሰው ካለ ያን ሰሞን ሕፃኗን ያላየ ነው።

ሦስተኛዋ ውባለም ናት፤ የስመኝ ታናሽ እህት። ይህን ይርሳው በዓይኑ አላየም፤ በኋላ እንደ ተነገረው ነው የምነግራችሁ። የእህቷ ስም በማይጠራበት ቤት ውባለም አባቷን እያገለገለች ትኖር ነበር። ትዳሯ ደርሷል፤ የታጨችለትን ልጅ ትወደዋለች። የእሱ ወገን ሽማግሌዎች ለመጨረሻው ቃል መጡ። ቤቱ ተነጠፈ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለጨዋታ ያህል፣ «ጌታው፣ ለመሆኑ ስንት ልጆች አሉዎት?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ቸኮል «እሷው ብቻ ናት» አሉ።

ውባለም ጠላ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስመኝ ብርቄ የምትባል ልጅ መውለዷንና መታመሟን ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከተማ ከመጣ አንድ ነጋዴ ሰምታለች፤ ግን በአባቷ ፊት ለመተንፈስ አልደፈረችም ነበር።

«እህት አለችኝ» አለች። «ስመኝ ትባላለች። ሆስፒታል ተኝታለች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስሟ ብርቄ ነው። የዚህ ቤት የልጅ ልጅ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ቸኮል ሲዋሹ ተይዘዋልና ቀና ብለው ሰው ማየት አቃታቸው። እንግዶቹ ወጡ፤ በሳምንቱ «እርስ በርሱ ካልተስማማ ቤት አንጋባም» የሚል ቃል መጣ። ውባለም ግን ቃሉን አልጠበቀችም፤ በማግስቱ ትንሽ ልብስ ቋጥራ እህቷ አልጋ ሥር ደርሳለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ፀጉሯን ያበጠረችላት እሷ ናት። የልጅቱንም ስም በአያቷ ቤት መጀመሪያ ያነሳች እሷ ናት። ከዚያች ቀን በፊት ብርቄ ወገን ያልነበራት ልጅ ነበረች።

እንግዲህ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ወደ ነገሩ ልመለስ።

የስመኝ ልብ መድኃኒቱን አልሰማም አለ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተብሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊልኳት ወረፋ ተያዘላት፤ ወረፋው ግን ከልቧ ይልቅ ዘገምተኛ ነበር። እሷም አውቃዋለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያ ቀን እየቀረበ ሲመጣ ስመኝ የምታወራው ስለዚያ ብቻ ሆነ።

«ትምህርትህን እንዳታቋርጥ» ትለዋለች። «ክርስትና ያነሳቻት ታሳድጋት። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያሉ ልጄን ከቤት ቤት እንዳያዘዋውሯት። አንድ ቤት ትደግ፣ አንዷን እናቴ ትበል። አንተ አባቷ ነህ፤ አትጥፋባት።»

ይርሳው «አንቺ ታሳድጊያታለሽ» ይላታል። እንዲህ ያለው ነገር ለበሽተኛው ሳይሆን ለሚለው ሰው ነው የሚጠቅመው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ትንፋሿ ከወትሮው አጠረ። ሆስፒታሉ ሕፃናትን ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል ስለማያስገባ እትዬ ባንቻምላክ ብርቄን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ ስመኝ በመስኮት ታያቸዋለች። በዚያን ሰዓት ውባለም እዚያው ግቢ የእህቷን አንሶላ ታሰጣለች፤ ፍሬገነትም ከፋርማሲ ተመልሳ ሕፃኗን እያጫወተች ነው። ይርሳው ብቻውን አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ ታሳድጊያታለሽ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው።

«ክርስትናዋን ማን ታንሳት?» አላት።

ስመኝ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ ከፍ አደረገች።

«ያነሳቻት ታንሳት» አለች፤ በጣቷም ወደ መስኮቱ አመለከተች።

ይርሳው መስኮቱን አላየም፤ ያየው የእሷን ፊት ነው። ደግማ ስትናገር ትንፋሿ እንዳያልቅ ሰግቶ «እሺ፣ ገባኝ» አላት። እውነትም የገባው መስሎት ነበር። በዚያች ቅጽበት የትኛዋን አስበህ ነው ብትሉት ዛሬም አይነግራችሁም፤ ስመኝን ብቻ ነው ያሰበው። እሷም እፎይ ብላ ጭንብሉን መለሰች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

እዚህ ላይ ይህን ልጅ ልወቅሰው እፈልግና አንጀቴ እምቢ ይለኛል። «የትኛዋ?» ቢል አንዲት ቃል ናት። ግን ማን ነው ሚስቱ እየሞተች አማርኛ የሚያብራራ? ቋንቋችንም ቢሆን አታላይ ነው፤ አንዲት ቃል ይዞ ስንት ቤት ይገባል። የወደቀ ይነሳል፣ የታመመ ይነሳል፣ የሰው ስም ይነሳል፣ ክርስትና ይነሳል። ስመኝ የተናገረችው ግልጽ ቃል ነው፤ ግልጽ የሆነው ግን ለእሷ ነው።

ቀብሯ ላይ አቶ ቸኮል መጡ። ከሰው ርቀው ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ፤ አፈር ሲመለስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር። ልጃቸው ሞታለች ብለው የነበሩት ሰው ልጃቸው ሞተችባቸው። ሳያለቅሱ ነው የሄዱት የሚል አለ፤ እኔ አላምንም።

ሐዘን ላይ ሰዎች ይርሳውን «ምን ብላ ሄደች?» ብለው ጠየቁት። እሱም እንዳለች ነገራቸው፤ «ክርስትናዋን ያነሳቻት ታንሳት፣ እሷው ታሳድጋት ብላለች» አለ። ሦስቱም ሴቶች በድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም ቃሉን ሲሰሙ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ይርሳው ለስመኝ ያለቀሱ መሰለው። ለእሷም ነበር። ግን እያንዳንዷ በልቧ «አላጣችኝም፤ አውቃልኛለች» ብላ ነው ያለቀሰችው። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሐዘን ቤት አይጠየቅማ።

ሰማንያዋ ደረሰ። ይርሳው ብርቄን አቅፎ በማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ገባ። ፍሬገነት ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ለብሳ መጣች፤ በእጇ ለሕፃኗ የገዛችው አዲስ ልብስ አለ። እትዬ ባንቻምላክ የሐዘን ልብሷን አውልቃ ነጭ ለብሳ መጣች፤ በእጇ ለሕፃኗ ያሰፋችው ልብስ አለ። ውባለም ለሠርጓ ተሰፍቶላት የነበረውን ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ከዚያው ጨርቅ ለሕፃኗ ቀንሳ አሰፍታለች። ሦስቱ ተያዩ። መጀመሪያ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ኋላ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

ቄስ ላቀው ውሃውን ባርከው ጨርሰው፣ «ክርስትና እናቷ ወዲህ ትቅረብ» አሉ።

ሦስቱም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

«አንዲት ናት የምትቀበላት» አሉ ቄሱ። «ሦስት ክርስትና እናት የለም።»

ይርሳው በልቡ ያን ጊዜ ነው መስኮቱን ያየው።

ፍሬገነት ተናገረች፦ «አባ፣ ልጅቱ ከደረጃ ላይ ስትወድቅ ያነሳኋት በእነዚህ እጆቼ ነው። ስመኝ ያለችው እኔን ነው። እናቴም ነገሩን ከነገርኋት ወዲህ ይዘሻት ነይ፣ አብረን እናሳድጋታለን ብላኛለች። አስተምራታለሁ፤ እናቷ የጀመረችውን እሷ ትጨርሳለች።»

እትዬ ባንቻምላክ ተናገረች፦ «አባቴ፣ ወድቃ የተነሳች ሕፃን እቤት መጥታ ልትሞት ነበር። ከአልጋ ያነሳኋት እኔ ነኝ። አሁንም ጡት ላይ ናት፤ ከእኔ ሌላ ደረት አታውቅም። ባሌም ተመልሷል፣ ሳያያት ከቤት አይወጣም። ስመኝ በመስኮት ስታየኝ እንደዋለች እግዜር ያውቃል።»

ውባለም ተናገረች፦ «አባ፣ እነሱ ያደረጉትን አልክድም፤ እግራቸው ሥር ብወድቅ አይበዛባቸውም። ግን የልጅቱ ስም በእናቷ አገር ሞቶ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የእናቷ ሥጋ ነኝ። አባቴ በሽማግሌ ቃል ልኳል፤ ልጅቱ በእኔ እጅ ከመጣች በሩ ክፍት ነው ብሏል። እኔ ካላሳደግኋት አያቷን ሳታውቅ ነው የምታድገው።»

ክርክሩን የሰማው ምእመን ተንሾካሾከ። አንዱ «ከሞት መጀመሪያ ያዳናት ማን ነው? ነገሩ እዚያው ያልቃል» ይላል። ሌላዋ «ያጠባች እናት አይደለች እንዴ? ሌላ ምን ቃል ያስፈልጋል?» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ወገን ያለው ልጅ ለባዕድ አይሰጥም» ይላሉ። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ፤ እርግጠኛ ያልነበረው መልሱ የሚፈለግበት ሰው ብቻ ነበር።

«ቃሉን የሰማኸው አንተ ነህ» አሉት ቄሱ ወደ ይርሳው ዞረው። «እኔ አልነበርሁም። ስሟን ጥራና ልጅቱን ትቀበል።»

ይርሳው ሦስቱን አንድ በአንድ አየ። አንዷን ቢጠራ ሌሎቹን ሁለቱን በቤተ ክርስቲያን ፊት «ስመኝ አንቺን አላለችም» ማለቱ ነው። ፍሬገነትን ቢጠራ፣ እትዬ ባንቻምላክ ዳግመኛ ጡቷን ልታስር ነው፤ ለውባለምም የአባቷ በር ተዘግቶ ሊቀር ነው። እትዬ ባንቻምላክን ቢጠራ፣ ልጅቱ አያትና አገር ሳታውቅ፣ በተከራዩበት ግቢ ልታድግ ነው፤ ፍሬገነትም ዓመቷን የሰጠችላትን ልጅ ትታ ባዶ እጇን ወደ እናቷ ልትመለስ ነው። ውባለምን ቢጠራ፣ እናትየውን ሞተች ባሉት ሰው ቤት ልጅቱ ልትገባ ነው፤ ያዳኗት ሁለቱ ሴቶችም ቆመው ሊያዩ ነው። ሁሉንም በእኩል ላመስግን እንዳይል ልጅ አይካፈልም። ልተወውና ራሴ ላሳድጋት እንዳይል ደግሞ «እሺ» ያላት ሴት መልሳ ልትፈታው አትችልም።

ብርቄ በእቅፉ ውስጥ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። በዚያ ለቅሶ ሦስቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ።

እናንተ ደግሞ አሁን ከይርሳው አጠገብ ቆማችኋል፤ ቄሱ እየጠበቁ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው። ከወደቀችበት ያነሳቻት፣ ከሞት አልጋ ያነሳቻት፣ ስሟን ያነሳችላት፤ ከሦስቱ ስመኝ ያለቻት የትኛዋን ነው? ስመኝስ ማንንም ትበል፣ እናንተ ብትሆኑ ልጅቱን ለማን ትሰጡ ነበር?